ብሮውዘሩ ካላንደራችንን ያውቃል፤ ሰዓታችንን ግን እኛው እንጻፍለት

ኮዬ ፈጬም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበር ዌብሳይት ቢከፍት ሰው ደጋግሞ የሚገባበት ገጽ የውሃ ፈረቃ ሠንጠረዡ ነው። አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ብሎክ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ማስታወሻ። የሚነበበው በስልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ላይ ከተላከ ሊንክ፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ጄሪካን በእጅ ተይዞ። ቀኑ በአንድ ከተዛነፈ ወይም ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከወጣ፣ ቤተሰቡ በርሜሉን ሳይሞላ ፈረቃው ያልፈዋል። የቀን መጻፊያና የሠንጠረዥ ማሳመሪያ መሣሪያዎችን እዚህ የምንመዝነው በዚህ ገጽ ነው፤ እዚህ ላይ የሠራ ነገር ለዕቁብ መዝገብም ለብሎኬት ማምረቻ የማስረከቢያ ፕሮግራምም ይሠራል።

ለፈተና የቀረቡት ሦስት ናቸው። አንደኛው ብሮውዘር በሚረዳው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት ውስጥ አብሮ የሚመጣው የቀን መጻፊያ፣ ኢንትል ዴትታይምፎርማት፤ ሁለተኛው ዳታቴብልስ የሚባለው የሠንጠረዥ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚወርድ ኮድ)፤ ሦስተኛው ምንም ሳይጨመርበት የገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ፣ በሲኤስኤስ ብቻ የሚሠራ ሠንጠረዥ። ፍርዱን ቀድመን እንናገር። ኢንትልን ያለ ማመንታት ተጠቀሙበት፤ ነፃ ነው፣ የሚወርድ ፋይል የለውም፣ የኢትዮጵያን ካላንደር በትክክል ያሰላል። የሚጎድሉት ነገሮች ግን አሉ፤ በእጅ ካልተሞሉ ገጹን ዋጋ ያሳጡታል። ዳታቴብልስ ረድፉ ሲበዛ ጥሩ ነው፤ ለሠላሳና ለአርባ ብሎክ ፈረቃ አያስፈልግም።

ኢንትልን ማዘዝ ቀላል ነው። የቋንቋው ቦታ ላይ «ኤኤም-ኢቲ-ዩ-ሲኤ-ኢትዮፒክ» የሚለው በላቲን ፊደል ይጻፋል። «ኤኤም» አማርኛ ነው፣ «ኢቲ» ኢትዮጵያ፣ «ዩ-ሲኤ» ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው የካላንደር ምርጫ መሆኑን ይነግረዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ኤኤም-ኢቲ» ብቻ ብሎ ይተወዋል፤ ብሮውዘሩ ቋንቋውን አማርኛ ያደርግና ካላንደሩን የፈረንጅ አድርጎ ይተወዋል። ሠንጠረዡ ላይ «ሴፕቴምበር 11» የሚል በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ቀን ካያችሁ የጎደለው ያ የካላንደር ቁራጭ ነው። ሲጨመርበት ያው ቀን መስከረም 1 ይሆናል። «ኢትዮፒክ» በሚለው ምትክ «ኢትዮኤኤ» ከተጻፈ ዓመተ ዓለም ነው የሚወጣው፤ 2017 የነበረው 7517 ይሆናል። ለቤተ ክርስቲያን ገጽ ጠቃሚ ነው፤ ለውሃ ፈረቃ ግን ማንም እንዲህ ያለ ዓመት አይጠብቅም።

ከካላንደሩ ጋር ሁልጊዜ መሰጠት ያለበት የሰዓት ቀጠናው ነው፤ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ተብሎ በላቲን ፊደል በግልጽ ይጻፍ። ካልተጻፈ ብሮውዘሩ የስልኩን ቅንብር ይከተላል። ዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ ቤት ፈረቃውን የሚያይ ልጅ ስልኩ የአሜሪካን ሰዓት ስለሚይዝ ቀኑን በአንድ ወደ ኋላ ሊያየው ይችላል። ምክንያቱም ይታወቃል፦ ጃቫስክሪፕት «2024-09-11» የሚለውን ቀን ብቻ የያዘ ጽሑፍ ሲያነብ እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው የሚወስደው። ያ ለአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ ቀኑ አይለወጥም፤ ለዋሽንግተን ግን ገና የዋዜማው ምሽት ነው።

የዚህ ስህተት ግልባጭ ደግሞ እኛን ራሳችንን ይጎዳል። ስክሪፕቱ በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ላይ የቆመ ቀን ሠርቶ «ቱአይኤስኦስትሪንግ» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ጽሑፍ ቢቀይረው ሦስት ሰዓት ይቀነስና «2024-09-10» ተብሎ ይቀመጣል። ዳታቤዙ ውስጥ የገባው ቀን አንድ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። የሚያስቸግረው፣ ቀን ቀን ሲሞከር ስህተቱ አለመታየቱ ነው፤ የአሁኑን ሰዓት ይዞ የሚሠራ ኮድ የሚሳሳተው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመት፣ ወርና ቀን ተለይተው ይወሰዱና ጽሑፉ በእጅ ይገጣጠም። ወሩ ላይ አንድ መደመርም እንዳይረሳ፤ ጃቫስክሪፕት ጃንዋሪን 0 ብሎ ነው የሚጀምረው።

የሚወጣው ጽሑፍ ራሱ ጥቂት ማረም ይፈልጋል። ከዓመቱ ቁጥር ጎን የሚጨምረው የዘመን ምልክት ከስሪት ስሪት ይለያያል፤ ሁልጊዜ የለመድነው «ዓ.ም.» አይደለም። መፍትሔው «ፎርማትቱፓርትስ» ነው። ይህ ትእዛዝ ቀኑን አንድ ወጥ ጽሑፍ አድርጎ ከመስጠት ይልቅ ዕለቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ዓመቱን ቆራርጦ ያቀርባል። የሚያስፈልጉትን አራቱን ወስዶ «ረቡዕ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብሎ በራስ መገጣጠም ነው። የዕለቱን ስም በአጭሩ ማዘዝ አንመክርም፤ ማክሰኞን «ማክሰ» ብሎ ይቆርጠዋል። አንድ ፊደል ለማትረፍ ብሎ አንባቢን ማደናገር ነው።

ፍጥነቱም የሚወሰነው በአጠቃቀሙ ነው። «ቱሎካልዴትስትሪንግ» የሚለውን አጭር መንገድ ለእያንዳንዱ ረድፍ መጥራት ብሮውዘሩ በየረድፉ አዲስ መጻፊያ እንዲያዘጋጅ ማስገደድ ነው፤ ረድፉ በመቶዎች ሲቆጠር በርካሽ ስልክ ላይ መንቀርፈፉ ይታያል። መጻፊያውን ከሉፑ (ረድፎቹን አንድ በአንድ ከሚያዞረው የኮድ ክፍል) ውጭ አንድ ጊዜ ሠርቶ፣ ውስጥ «ፎርማት» ወይም «ፎርማትቱፓርትስ» ብቻ መጥራት ነው የሚበጀው። ስልኩ ትእዛዙን መቀበሉን ለማረጋገጥ «ሪዞልቭድኦፕሽንስ» አለ፤ የተጠቀመበትን ቋንቋና ካላንደር ይነግራል። ካላንደሩ «ኢትዮፒክ» ካልሆነ የተሳሳተ ቀን ከማሳየት የፈረንጁን ቀን ፈረንጅ መሆኑን ጽፎ ማሳየት ይሻላል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። የመጀመሪያው፣ ኢንትል መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው። የፈረንጅን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ያወጣል እንጂ የማኅበሩ ጸሐፊ «ጥቅምት 12 ቀን 2018» ብላ ያስገባችውን አንብቦ መመለስ አይችልም። ብዙ ኮድ ላይ የሚታየው «ሰባት ወይም ስምንት ደምር» የሚል ግምት ለዓመቱ ይሠራ ይሆናል፤ ለቀኑ ግን ጳጉሜን ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው ስሌት አንድ መስመር ነው፦ ከዓመቱ አንድ ቀንሳችሁ በ365 አባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉውን ቁጥር ብቻ ደምሩ፤ ከወሩ አንድ ቀንሳችሁ በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፤ ከቀኑም አንድ ቀንሳችሁ ደምሩ፤ ከድምሩ 716367 ቀንሱ። የሚቀረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉ ቀናት ብዛት ነው። በ86400000 ሲባዛ ጃቫስክሪፕት የሚረዳው ሚሊሰከንድ ይሆናል።

በመስከረም 1 ቀን 2017 እንሞክረው። 2016 በ365 ሲባዛ 735840 ነው። 2017 ለ4 ሲካፈል ሙሉው 504። ወሩም ቀኑም አንድ ስለሆኑ የሚጨምሩት የለም። ድምሩ 736344፤ 716367 ሲቀነስ 19977። ይህን ቁጥር ብሮውዘሩ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 አድርጎ ያወጣዋል፤ ልክ ነው። ከማስላት በፊት ግን የገባው ቀን እውነተኛ መሆኑ ይፈተሽ። ወሩ ከ13 አይበልጥም፤ ቀኑ ከ30 አይበልጥም፤ ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥም፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ብቻ 6 ይፈቀዳል። ፍተሻው ከሌለ ስሌቱ ጳጉሜን 9ን ዝም ብሎ መስከረም ውስጥ ይከተዋል።

ሁለተኛው ጉድለት የሰዓቱ ነው፤ ይህ ግምገማ ላይ ብዙ የምንቆየውም እዚህ ነው፤ ሰው ውሃ የሚያመልጠው በዚህ ስለሆነ። ኢንትል ካላንደሩን ቢያውቅም ቀኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንደሚጀምር አያውቅም። ለጠዋቱ 1 ሰዓት 7 ይጽፋል። አንዳንዶች የሰዓት ቀጠናውን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ወዳለ ቀጠና በመቀየር ያታልሉታል። ቁጥሩ ይስተካከላል፤ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ቀኑ አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ «ጠዋት» «ማታ» የሚሉት ቃላትም ይዛባሉ። ቀጥተኛው መንገድ ይሻላል። ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ውሰዱ፣ 6 ደምሩበት፣ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ብላችሁ ጻፉ። 7 ሲሆን 1 ይወጣል፣ 18 ሲሆን 12፣ 0 ሲሆን 6። ከፊቱ የሚገባውን ቃል ከዋናው ሰዓት ምረጡ፦ ከ6 እስከ 11 «ከጠዋቱ»፣ ከ12 እስከ 17 «ከቀኑ»፣ ከ18 እስከ 23 «ከምሽቱ»፣ ከ0 እስከ 5 «ከሌሊቱ»። ይህን ቃል አትዝለሉት። «7 ሰዓት» ብቻ ከተጻፈ ምሳ ሰዓትም ነው፣ እኩለ ሌሊት አልፎም ነው።

የሌሊት ፈረቃ ሌላ ጣጣ አለው። ውሃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። ብሮውዘሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ዕለቱን ይቀይራል፤ ሰው ግን እስኪነጋ ድረስ ያው ሌሊት ነው የሚለው። ሠንጠረዡ «ሐሙስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ካለ ግማሹ ነዋሪ ሐሙስን አምሽቶ ይጠብቃል፤ ውሃው ግን መጥቶ የሄደው በዋዜማው ሌሊት ነበር። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት»። በስክሪፕት ማውጣቱ ሦስት መስመር ነው። ሰዓቱ ከ0 እስከ 5 ከሆነ የዋዜማውን ዕለት ስም፣ «ለ» የሚል ቅጥያ፣ የዕለቱን ስም፣ ቀጥሎ «አጥቢያ»። ከሁሉም ማሻሻያዎች መካከል አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህን እንመርጣለን።

የግዕዝ ቁጥርን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ኢንትል አሥር አኃዝ ባላቸው፣ በቦታ ዋጋ በሚሠሩ የቁጥር ዓይነቶች ነው የሚጽፈው፤ የእኛ ቁጥር ግን ለአሥሮቹና ለመቶው የየራሱ ምልክት ያለው፣ ዜሮ የሌለው ስለሆነ አያወጣውም። ፳፻፲፯ ማለት ከተፈለገ ትንሽ ፈንክሽን በእጅ ይጻፋል። ለፈረቃ ሠንጠረዥ 1፣ 2፣ 3 ይበቃል፤ በጨረፍታ የሚነበበው እሱ ነው።

ወደ ሠንጠረዡ እንምጣ። ቀኑ የሚገባበት ሴል ውስጥ «ታይም» የሚባለውን የኤችቲኤምኤል ታግ አስገቡ፤ «ዴትታይም» የሚለው አትሪቢዩቱ ላይ የፈረንጁ ቀን በቁጥር ይቀመጥ፤ ለዓይን የሚታየው አማርኛው ይሁን። ይህን ያላደረገ ሠንጠረዥ ቀን ላይ ተጭኖ ሲደረደር በፊደል ተራ ይሄዳል። ጽሑፉ በወር ስም የሚጀምር ከሆነ፣ በፊደል ተራ ሐ ከመ ስለሚቀድም ዓመቱ በሐምሌ ይጀምራል፤ ከመስከረም ቀጥሎም መጋቢት ይመጣል። ዳታቴብልስም ይህን በራሱ አያውቅም። አማርኛውን ተራ ጽሑፍ አድርጎ ነው የሚያየው። ሴሉ ላይ «ዴታ-ኦርደር» የሚለው አትሪቢዩት ከነ ቁጥሩ ከተሰጠው ግን በትክክል ይደረድራል።

ዳታቴብልስን ለማስገባት እሱ የቆመበት ሌላ ላይብረሪ፣ ጄኩዌሪም አብሮ ይወርዳል፤ እሱ ብቻውን ተጨምቆ እንኳ 30 ኪሎባይት ገደማ ነው። በካርድ ዳታ ለሚከፍት ሰው፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ሰፈር፣ ሠንጠረዡ ከመታየቱ በፊት የሚጠበቅ ነገር ነው። ብዙ መቶ ረድፍ ላለው የመዋጮ መዝገብ ይህ ዋጋ ተገቢ ነው፤ ፍለጋውና ገጽ ማገላበጡ ሥራ ያቀላል። ካልተነገረው በአንድ ጊዜ አሥር ረድፍ ብቻ እንደሚያሳይ አትርሱ፤ አሥራ አንደኛው ብሎክ ላይ ያለ ነዋሪ «የእኛ ብሎክ ተዘሏል» ብሎ ይደውላል። የፍለጋ ሳጥኑን ስምና ሌሎቹን የእንግሊዝኛ ጽሑፎች «ላንጉዌጅ» በሚለው ምርጫ በኩል ወደ አማርኛ ቀይሯቸው።

ፍለጋው ላይ ከማንኛውም ላይብረሪ የማይጠበቅ፣ እኛ የምንጨምረው ነገር አለ። ብሮውዘሩ የሚያወጣቸው የወር ስሞች በጥንቃቄ የተጻፉ ናቸው፦ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ሰው ግን በስልኩ የሚጽፈው ህዳር፣ ታህሳስ፣ ሀምሌ፣ ነሀሴ ነው። ለኮምፒውተር እነዚህ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደሎች ስለሆኑ «ምንም አልተገኘም» ይላል። መፍትሔው ከማነጻጸር በፊት ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ መልክ ማምጣት ነው፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነ ሰባቱም ቤቶቻቸው። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም አንድ ይሁኑ። ለፍለጋ ብቻ እንጂ የሚታየው ጽሑፍ አይነካ፤ አጻጻፉ እንደ ተጻፈ ይኑር።

የሲኤስኤሱ ነገር። የሠንጠረዥ ርዕስ ረድፍ ሲሸበለል ከላይ እንዲቀር «ፖዚሽን ስቲኪ» እና «ቶፕ 0» ለርዕስ ሴሎቹ ይሰጣል። ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላል። ጀርባ ቀለም ካልተሰጠው ከሥሩ የሚያልፈው ረድፍ በውስጡ ይታያል። «ቦርደር-ኮላፕስ» ኮላፕስ ከሆነ ርዕሱ ሲጣበቅ መስመሮቹ ጥለውት ይሄዳሉ፤ «ሴፓሬት» አድርጎ «ቦርደር-ስፔሲንግ»ን 0 ማድረግ ያድነዋል። ሦስተኛው የሚያደክመው ነው። ሠንጠረዡ ለስልክ ተብሎ ወደ ጎን በሚሸበለል ሳጥን ውስጥ ከገባ ርዕሱ የሚጣበቀው ከሳጥኑ ጋር እንጂ ከገጹ ጋር አይደለም፤ ስለዚህ የማይሠራ ይመስላል። ለሳጥኑ የከፍታ ገደብ፣ ለምሳሌ የስክሪኑን 80 ከመቶ፣ ስጡትና ሽብለላው በውስጡ ይሁን። ከዚያም በላይ የሚሻለው ዓምድ መቀነስ ነው፤ አራቱ ዓምዶች በስልክ ስፋት ይገባሉ።

ረድፍ በረድፍ ቀለም ማፈራረቅ ዓይንን ይረዳል፤ የራሳችሁን ማጣሪያ ጽፋችሁ ረድፎችን ከደበቃችሁ ግን የቀለሙ መፈራረቅ ይበላሻል። የተደበቀውም ስለሚቆጠር ሁለት ነጭ ረድፍ ይከታተላሉ። ከ2023 ወዲህ ያሉ ዋና ዋና ብሮውዘሮች ረድፍን በተራ ቁጥሩ በሚመርጠው «ኤንዝ-ቻይልድ» ውስጥ «ካልተደበቁት መካከል» የሚል ሁኔታ ይቀበላሉ፤ ለቆዩ ስልኮች ስክሪፕቱ ራሱ ክላስ ቢሰጥ ይሻላል።

ፊደሉ ላይ ብዙ ገጽ የሚያጠፋው ደማቁ ርዕስ ነው። ብሮውዘር የርዕስ ሴልን ያለ ትእዛዝ ያደምቃል፤ እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያሉ የፊደል ዓይነቶች (ፎንቶች) ደግሞ ደማቅ ቅርጽ የላቸውም። ብሮውዘሩ ቀጭኑን በግድ ያወፍረዋል፤ የጠ እና የጨ፣ የሰ እና የሸ ልዩነት በትንሽ መጠን ይዋጣል። የርዕሱን ክብደት መደበኛ አድርጋችሁ ልዩነቱን በጀርባ ቀለም አሳዩ። ለስልክ ፎንት ማውረድ አያስፈልግም፤ አንድሮይድ የኖቶ ኢትዮፒክ አለው፣ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ኤብሪማ አላቸው። የመስመር ከፍታውን ወደ 1.6 ከፍ አድርጉት፤ የግዕዝ ፊደል ጠባብ መስመር ላይ ይታፈናል። የቀን ሴሉ «ዋይት-ስፔስ» «ኖራፕ» ይሁን፤ አለዚያ «መስከረም» አንድ መስመር ላይ፣ «1 ቀን» ሌላ መስመር ላይ ይቀራል። የብር ዓምድ ካለ ወደ ቀኝ ይጠጋ፤ «ብር» የሚለው ርዕሱ ላይ አንዴ ይጻፍና ሴሎቹ ቁጥር ብቻ ይያዙ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ሞመንት የሚባለውን የቀን ላይብረሪ ለአዲስ ሥራ አትጀምሩበት፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው በ2020 ጥገና ብቻ ላይ መሆኑን አስታውቀዋል። ቴምፖራል የተባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት ክፍል የኢትዮጵያን ቀን አንብቦም ይመልሳል፤ ፋየርፎክስ በ2025 ስሪት 139 ላይ አስገብቶታል፤ የቆየ ስልክ ላይ ግን ስለማይገኝ ከላይ ያለው ስሌት አይጣል። ገጹ ሰርቨር ላይ በፒኤችፒ የሚዘጋጅ ከሆነ ኢንትል ኤክስቴንሽኑ ተጭኖ «ኢንትልዴትፎርማተር» በ«ትራዲሽናል» ካላንደር ይሠራል። ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያሠራው በኖድ ከሆነ ከስሪት 13 ጀምሮ ቋንቋዎቹ ሁሉ አብረው ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት ያለው አማርኛ ብትሉት በእንግሊዝኛ ይመልሳል።

ገጹን ለነዋሪ ከመልቀቃችሁ በፊት አራት ቀን አስገብታችሁ እዩ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023። መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024፣ ዕለቱ ረቡዕ። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ደግሞ ጭራሽ እንዳይገባ መከልከል አለበት። ከዚያ የስልኩን ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አድርጋችሁ አንድ ረድፍ መዝግቡና ዳታቤዙ ውስጥ የገባውን ቀን ተመልከቱ።